ከሪርዶሱ ጀርባ

ባለፈው እሑድ ፌርፋክስ መንገድ ካለ የሐበሻ ምግብ ቤት በያይነቱ እየበላን፣ የእህቴ የልጅ ልጅ ቤተል ለስፔሊንግ ውድድር የምታጠናቸውን ቃላት ከስልኳ ታነብልኝ ነበር።

"ጋሼ፣ ሪርዶስ ታውቃለህ? ቸርች ውስጥ ከመሠዊያው ኋላ የሚቆም ያጌጠ ግድግዳ ነው። ኦሪጅኑ ኦልድ ፍሬንች ነው፤ 'ኋላ' እና 'ጀርባ' ማለት።"

የኛው ዶሴም ከዚያው "ጀርባ" ከሚለው የፈረንሳይ ቃል የመጣ ነው። ይህን ልነግራት ብዬ ተውኩት። የጠቀለልኩት ጉርሻ እጄ ላይ ቀረ፤ ያን ቃል የሰማሁበት አንድ ቅዳሜ ትዝ አለኝ።

ወጣት ሳለሁ እዚሁ ከተማ፣ ዌስትቼስተር አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ አነጥፍ ነበር። የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ስላልነበረን ኖርዝ ሆሊውድ የፈረንጆቹን ተውሰን እንቀድስ ነበር። ከመሠዊያቸው ኋላ እስከ ጣሪያው የሚደርስ ጥቁር እንጨት ቆሟል፤ ቅዱሳን ተፈልፍለውበታል፣ ዓይናቸው ግን ብሌን የለውም። በኛ ሥርዓት የተቀረጸ ምስል ስለማይለመድ ቅዳሜ ቅዳሜ በነጭ መጋረጃ እንሸፍነዋለን። መሰላል ላይ የምወጣው እኔ ነኝ፤ መጋረጃውን አጥበው የሚያቀብሉኝ እትዬ አስካለ ነበሩ።

የእትዬ አስካለ ልጅ ኤርምያስ አእምሮው ታውኮ ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ሰው ሁሉ በልቡ ቀብሮታል። እርሳቸው ግን "ልጄ አልሞተም" ብለው ጥቁር አልለበሱም።

ያን ቅዳሜ ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ የዘንባባውን ቅጠል መንገድ ላይ በትኖታል። ጥቅምት እዚህ አገር እንደ ምድጃ አፍ ነው። የቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ግን ቀዝቃዛ ነበር። መጋረጃውን ሰቅዬ ስወርድ ከኋላው "እማዬ" የሚል ድምፅ መጣ፤ የጎልማሳ ድምፅ፣ ገና ከእንቅልፉ እንደነቃ ሰው ቀስ ያለ።

"ሰማህ?" አሉኝ።

"ነፋስ ነው፣ እትዬ።"

"ነፋስ አማርኛ ይችላል?"

ድምፁ ደገመ። እጃቸውን ያዝኩ።

"እንዳይመልሱ! ያላዩት ሰው ሲጠራ አቤት አይባልም፤ ይወስዳል ይላሉ።"

"ይውሰደኛ!" አሉና "ወዬ፣ ልጄ!" ብለው ጮኹ።



ሮጬ የቤተ ክርስቲያኑን ጠባቂ ጠራሁ። "ከሪርዶሱ ጀርባ ሰው? በሩ እኮ ለዓመታት አልተከፈተም" እያለ ሽማግሌው በጎን ያለችውን ትንሽ በር ታግሎ ከፈታት። ሌባም ቢሆን፣ ሰካራምም ቢሆን ሰው ይሁን ብዬ አምላኬን ለመንኩ። ማንም አልነበረም። ወለሉ ላይ የተኛው አቧራ የድመት ዱካ እንኳ አልነበረበትም።

እትዬ አስካለ ለሴት አይገባም ብለው የመሠዊያውን ደረጃ ረግጠው አያውቁም ነበር። ያን ዕለት ጫማቸውን አውልቀው ወጡና ጠባቧ በር ውስጥ ገቡ። እዚያ ሆነው የተናገሩትን አልሰማሁም። ሲወጡ ነጠላቸውን እንደ ሐዘንተኛ አዘቅዝቀውታል።

"እንግዲህ ለቅሶ ልቀመጥ" አሉኝ። "ልጄ ተሰናበተኝ።"

ሬሳ ሳይገኝ ምን ለቅሶ ነው ያለ ነበር፤ ሰዉ ግን መጣላቸው። ኤርምያስ የት እንደወደቀ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም። እትዬንም ድምፁ አልወሰዳቸውም፤ ብዙ ዘመን ኖረው አልጋቸው ላይ አረፉ።

ይህን ሁሉ ለቤተል ስነግራት ስልኳን አስቀምጣ ሰማችኝ። "ሶ፣ ሪል ነበር?" አለች።

"እኔ እንጃ" አልኳት።

አንድ ነገር ግን አልነገርኳትም። ባለፈው ዓመት በጠራራ ፀሐይ፣ ብቻዬን ሳህን ሳጥብ፣ እናቴ ከመኝታ ቤቱ በስሜ ጠራችኝ። እናቴን የቀበርኳት እኔ ራሴ ነኝ። አፌን በእርጥብ እጄ ያዝኩ። እትዬ አስካለ ያን ቀን ምን ያህል እንደደፈሩ የገባኝ ያኔ ነው።

ደግማ ጠራችኝ።

"አቤት፣ እማዬ" አልኩ።