የአራተኛ «ሀ» መባ

በዚያ ዘመን መዋጮ ሁሉ በፈቃደኝነት ነበር። ፈቃደኛ ያልሆነ ሰው ደግሞ ለምን ፈቃደኛ እንዳልሆነ ቀበሌ ተጠርቶ በፈቃዱ ያስረዳል። ለድርቁ አዋጣን፤ ለእናት አገር ጥሪ አዋጣን፤ ለሰልፉ ጨርቅና ቀለም አዋጣን። ሰኔ ሲደርስ ደግሞ የልጆቹ የክፍል ድግስና የአስተማሪው ስጦታ ይመጣል።

እኔ ትርፊት፣ ሆሳዕና ከተማ ገበያው አጠገብ ሱቅ ነበረኝ። ምን ይደበቃል፣ ለአስተማሪ የሚሰጠው ፔርሙዝ በየዓመቱ የሚገዛው ከእኔ ነው። አስተማሪውም ክረምት ላይ እጅ ሲያጥረው በግማሽ ዋጋ መልሶ ለእኔ ይሸጠዋል። አንዱን ባለ ጽጌረዳ ፔርሙዝ አራት ጊዜ ሸጬዋለሁ። ሌላው ኅብረተሰብአዊነትን ሲገነባ እኔ ፔርሙዝ አዞር ነበር።

ገንዘቡን የምትሰበስበው ጣቢታ ናት። ከሞርሲቶ ቅቤ እያመጣች የምትሸጥ፣ ባሏ የሞተባት፣ አንዲት ልጅ ያላት ሴት ናት። ልጇና የእኔ ልጅ አራተኛ «ሀ» አብረው ይማራሉ። ቤተ ክርስቲያናቸው ሳይዘጋ በፊት አሥራ አራት ዓመት መባ ሰብስባለች፤ አንድ ቀን አንዲት ሳንቲም ጎደለች አልተባለም። እኔ የማርያም ልጅ ነኝ፣ ከጴንጤዎች ጋር በእምነት አንገናኝም፤ ገንዘብ አደራ መስጠት ሲኖርብኝ ግን የምሄደው ወደ እሷ ነው።

ቤተ ክርስቲያኑን በ1975 ዓ.ም. ያሸገው የቀበሌያችን ሊቀመንበር ጓድ ተገኘ ነው። ንብረቱን ከቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ጋር እያመሳከረ ቆሞ አስመዘገበ፤ አግዳሚ ወንበር ይህን ያህል፣ ፋኖስ ይህን ያህል፣ ቀይ የከፋይ ከረጢት ባለ እንጨት እጀታ ሁለት። የተገኘችው ከረጢት ግን አንዷ ብቻ ናት። «ሁለተኛዋ ጠፍታለች» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ሁለተኛዋ በዚያች ሰዓት ጣቢታ ቤት፣ የቅቤ ቅል ውስጥ ነበረች።

እዚያው ብትቀመጥ ደግ ነበር። ግን የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ አቶ አበራ መዋጮ ሲቀበል ስምና ገንዘቡን ጮኾ የማንበብ አመል ነበረው። «ወይዘሮ ገነቴ፣ አሥር ሳንቲም!» ይላል። ገነቴ መሬት ተከፍታ ብትውጣት ትመርጣለች። ጣቢታ ይህን ሁለት ጊዜ አየች፤ በሦስተኛው «እኔ ልሰብስብ» ብላ ከረጢቷን ከቅሉ አወጣቻት።

«ሰው እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ ዘርግቶ ያወጣል» አለችኝ። «ማን ስንት እንዳደረገ የሚያውቀው አንድ ብቻ ነው።»

«ሊቀመንበሩ?» አልኳት።

ሳቀች። እኔ ግን ፈራሁላት። ደግነቱ ከረጢቷ ቀይ ናት፤ ቀይ ነገር የሚጠረጥር ደግሞ በዚያ ዘመን አልነበረም።

በ1977 ሰኔ የአራተኛ «ሀ» ወላጆች ተሰበሰብን። ፓርቲው የተመሠረተበት ዓመት ነውና ያለ ኃላፊ ስብሰባ አይታሰብም፤ ለሰባ ወላጅና ለአንድ ፔርሙዝ ጓድ ተገኘ በአካል መጣ። አስተማሪው አክሊሉ ስለ ራሱ ስጦታ ሲወራ ላለመስማት መስኮት መስኮቱን ያያል። ግራ እጃችንን አንሥተን መፈክር አሰማን። ከዚያ ተራው የጣቢታ ሆነ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ጣቢታ በቤቷ የምታወራው ሀድይኛ ነው። አማርኛ የተማረችው ከመጽሐፍ ቅዱስና ከመዝሙር ነው። ሰው ተሰብስቦ ወድዶ የሚሰጠው ገንዘብ በእሷ አማርኛ አንድ ስም ብቻ አለው። «መዋጮ» ሲባል የምትሰማው ግብር ነው። መንገድ ላይ «መዋጮ፣ መዋጮ» እያልኩ ሳስጠናት መጣሁ። ከረጢቷን ይዛ ከፊታችን ስትቆም ግን አሥራ አራቱ ዓመት ቀደማት።

«አሁን» አለች በዚያ ለስላሳ ድምፅዋ፣ «መባችንን እንሰጣለን።»

ሰባ ወላጅ ባንድ ጊዜ ተነሣ። ማንም ማንንም አላዘዘም። አንገት ተደፋ፣ ዓይን ተጨፈነ። ሁለት ዓመት ሙሉ «እኛ እንኳ እምነቱን ትተነዋል» ሲሉ የነበሩት ሁሉ ቆመዋል። አቶ ጠና የሚባሉት ሽማግሌ ጭራሽ እጃቸውን ዘርግተው «ጌታ ሆይ…» ብለው ጀመሩ። ከዚያ ዓይናቸውን ገለጡና ጓድ ተገኘን አዩት። «ጌታ… ጌታና ሎሌ ይውደም!» ብለው ጨረሱ።

ጣቢታ ምን እንዳለች ያን ጊዜ ገባት። ፊቷ አመድ መሰለ። ስትታሰር፣ ልጅቷ ያለ እናት ስትቀር፣ ከረጢቷ ጠረጴዛ ላይ ሆና ስትጠየቅባት ታየኝ።

«መባ ማለት ምንድን ነው?» አለ ጓድ ተገኘ።

ምላሴ ከእኔ ቀደመ። «ምሕጻረ ቃል ነው ጓድ! መ ነጥብ ባ ነጥብ። የመምህራን ባልደረቦች!» በዚያ ዓመት በየሳምንቱ አንድ ድርጅት በሦስት ፊደል ይወለዳል፤ አንድ ባለ ሁለት ፊደል ቢጨመር ማን ይቆጥራል?

«የተነሣችሁትስ?»

«ለተሰዉ መምህራን የኅሊና ጸሎት ነው!»

ጓድ ተገኘ ጣቢታን አየ፤ ከረጢቷን አየ፤ እኔን ለረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ብዕሩን አውጥቶ ቃለ ጉባኤው ላይ «መ.ባ.» ብሎ ጻፈ። «ጥሩ ነው፤ ቀጥሉ» አለ። ቀጠልን።

ከዚያማ ዓመቱን ሙሉ ሳቅሁ። ሱቅ የመጣ የማምነው ሰው ሁሉ ወሬውን በነጻ፣ ስኳሩን በገንዘብ ይዞ ይሄዳል። «አያ ሊቀመንበር! ያላወቀውን አላውቅም ከሚል ድርጅት ቢያቋቁም ይሻለዋል» እል ነበር። እውነትም አቋቋመ። መ.ባ. በቃለ ጉባኤ ጸደቀች። ከጊምቢቹ የመጣ አስተማሪ «እኛም ዘንድ መ.ባ. እንዲቋቋም ተጠየቀ» ሲለኝ ስኳር መመዘን አቅቶኝ ነበር። ጣቢታ ግን አልሳቀችም። «ሌሊት በር በተንኳኳ ቁጥር ለእኔ የመጡ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር።

የ1978 ሰኔ ደረሰ። ልጆቹ አምስተኛ «ሀ»ን ጨርሰው ስድስተኛ ሊገቡ ነው። ጓድ ተገኘ እንደገና መጣ፤ አሁን እሱ ራሱ ተነሥቶ፣ «መባችንን እንሰጣለን። አስቀድሞ ለኅሊና ጸሎት እንነሣ» አለ።

ተነሣን። አንድ ደቂቃ የተባለው የኅሊና ጸሎት አምስት ደቂቃ ሆነ። አቶ ጠና በዚህኛው ከንፈራቸውን ብቻ አንቀሳቀሱ። አቁሙ ያለ የለም። ከዚያ ጣቢታ ከረጢቷን ይዛ በየወንበሩ ዞረች፤ እኔም አምስተኛ ጊዜ የሸጥኩትን ባለ ጽጌረዳ ፔርሙዝ ታቅፌ ተከተልኳት። ጓድ ተገኘ ዘንድ ስትደርስ ከረጢቷን ዘረጋችለት። እሱ እጁን ጨብጦ አስገባ፤ ዘርግቶ አወጣ። እንደለመደ ሰው።

ከዚያ ጎንበስ አለ። ከእኔና ከእሷ በቀር የሰማው የለም።

«እኅት ጣቢታ» አላት። ጓድ አላላትም። «ጥንዷ ቀበሌ መጋዘን አለች። አይጥ ሳይበላት ለአምስተኛ ‹ለ› ውሰጂያት።»

ጣቢታ የት እንዳለች ረሳች መሰለኝ። «አሜን!» አለች ጮክ ብላ።

«አሜን!» አለ አዳራሹ።

ጓድ ተገኘ ወዲያው ግራ እጁን ወደ ላይ ወረወረና ድምፁ እስኪሰነጠቅ «አብዮቱ ይለምልም!» ብሎ ሸፈነላቸው። እኔ ፔርሙዙን ደረቴ ላይ ይዤ ቀረሁ። ዓመት ሙሉ አታለልኩት ብዬ የሳቅሁበት ሰው ነው። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።