የመጀመሪያው ሆድ

አንድ ዓመት ሙሉ ስለ ሰው ሆድ ተምሬ የአንድ ሰው ሆድ ሳልነካ መክረሜን ሳስብ፣ ዛሬ ሽበት ወርሶኝም ደሜ ይፈላል። ጉበት በየት በኩል እንዳለ፣ ስንት እንደሚመዝን፣ የትኛው የደም ሥር እንደሚገባበት ብትጠይቁኝ ውዳሴ ማርያም እንደሚደግም ተማሪ ሳልተነፍስ እወርደው ነበር። የሕክምና ኮሌጃችንን ከሆስፒታሉ የሚለየው አንድ የድንጋይ አጥር ነው። ከአጥሩ ወዲያ ሰው ሲያቃስት፣ እኛ ከወዲህ ሰው የሚያቃስትበትን ምክንያት እንሸመድዳለን። "አንድ ቀን እንኳ ወስደው ያሳዩን" ስንለው ዋናው መምህራችን መነጽሩን ከፍ ያደርግና "መጀመሪያ እውቀት፣ ከዚያ እጅ። በሽተኛ የጀማሪ መጫወቻ አይደለም። ሦስተኛ ዓመት ስትደርሱ" ይለናል። እስቲ አሁን ውኃ ዋና በመጽሐፍ ይለመዳል?

የሚያናድደው ደግሞ ክረምት ሲገባ ያው መምህር "በየአገራችሁ ሄዳችሁ ጤና ጣቢያ አግዙ" ብሎ ደብዳቤ ጽፎ ሸኘን። የከተማው በሽተኛ የተከለከለብን ሰዎች፣ የገበሬው በሽተኛ ተፈቀደልን ማለት ነው። ያኔ ይህ አልታየኝም። ነጭ ጋውኔን አጣጥፌ ደብረ ማርቆስ በአውቶቡስ ገባሁ። ከዚያም በበቅሎ ሮብ ገበያን አልፌ፣ ከጮቄ ተራራ ሥር ወዳለች ባለ ሁለት ክፍል ጤና ጣቢያ ወጣሁ።

ጣቢያውን የያዙት አንድ አዛውንት ድሬሰር ነበሩ። ሙያቸውን የተማሩት በጦር ሠራዊት ቁስል ሲያስሩ ነው፤ እንግሊዝኛ አያነቡም። ምን እደብቃለሁ፣ በልቤ ንቄያቸው ነበር። በመጣሁ በሳምንቱ መድኃኒት ሊያመጡ ወደ ደብረ ማርቆስ ሲወርዱ "ቁስል እጠብ፣ የመጣውን መዝግብ። ከበድ ያለ ከመጣ እኔ እስክመለስ አቆየው" ብለውኝ ሄዱ። ሰዉ ግን ጋውኔን እያየ "ሐኪም" ይለኛል። አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት የባሏን መጽሐፍ አጠበች እንደሚባለው ሆነና እኔም ራሴን ሐኪም አደረግሁ።

በማግስቱ ጧት ዝናቡ ሲያባራ አንድ ገበሬ ከባለቤታቸው ጋር መጡ። ሃምሳ የሚሆናቸው፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ናቸው። ያን ሁሉ ጭቃ በዱላ እየተመረኮዙ በእግራቸው ነው የወረዱት።

"ምን ሆኑ?" አልኳቸው።

"ኧረ ምንም አልሆንሁ። ይችው ናት እየጎተተች ያመጣችኝ።"

ባለቤታቸው "ኧግ! ሐኪም፣ ሦስት ቀኑ እኮ ነው፣ ሌቱንም..." ብለው ሲጀምሩ ሰውየው ዞር ብለው አዩዋቸው። መጽሐፉም "ከራሱ ከበሽተኛው ስማ" ይላልና፣ እኔ ደግሞ "ይቆዩ እናቴ፣ እሳቸው ይናገሩ" አልኩ። ሴትዮዋ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አደረጉ።

ሰውየውን አስተኛኋቸው። መጽሐፉ ሆድን ዘጠኝ ቦታ ይከፍለዋል፤ ዘጠኙንም በተራ ተጫንኩ። በእያንዳንዱ ላይ "ያምዎታል?" እላለሁ፤ እሳቸውም "ተመስገን፣ ምንም አይል" ይላሉ። ፊታቸው አልተኮማተረም። ሆዳቸው ግን እንደ ሳንቃ ደርቋል። እጄ ድርቀቱን አውቆታል፤ የሚያስተያይበት ሌላ ሆድ ግን አልነበረውም። በእጄ የነካሁት የመጀመሪያው ሆድ ይኸው ነው። ዕድሜ ልኩን ዕርፍ ጨብጦ የኖረ ሰው ሆዱም እንደ ክንዱ ይጠነክራል ብዬ ደመደምኩ። እንዲህ ያለ ድንቁርና ካልተማሩ አይገኝም! ካርዱ ላይ "ሆዱ ጤናማ ነው፣ ሕመም የለውም" ብዬ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ጻፍኩና የጨጓራ ክኒን ሰጥቼ ሸኘኋቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ድሬሰሩ በማግስቱ ረፋድ ላይ ተመለሱ። ካርዱን አገላብጠው አይተው "ምን ይላል ይኸ?" አሉኝ። ተረጎምኩላቸው።

"እግራቸውን አየኸው?"

"እግራቸውን አላመማቸውም እኮ፣ ጋሼ።"

"የዚህ አገር ወንድ ሆዱን ስትነካው ፊቱን አያጠቁርልህም፤ በሚስቱ ፊትማ ሞቶ ነው። የእግሩ ጣት ግን እጥፍ ይላል። እሱን ደብቅ ብሎ ያሳደገው የለም። ይልቅ እህል ከቀመሱ ስንት ቀናቸው ነው? ሚስትየዋ ምን አሉ?"

"ዝም... ዝም አሰኘኋቸው።"

"ሆድየውስ?"

"ጠንካራ ነበር።"

ድሬሰሩ የመድኃኒቱን ሳጥን ከትከሻቸው አወረዱና "ተነስ" አሉኝ።

ዳገቱን በጭቃ ወጣን። ሰውየው ጉልበታቸውን ሰብስበው መደብ ላይ ተኝተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ድሬሰሩ አንድም ቃል አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። እጄን ያዙና የሰውየው ሆድ ላይ አሳረፉት። ቀጥለው የራሴው ሆድ ላይ አሳረፉት።

"ይኸኛው ደህና ሆድ ነው። ያኛው ውስጡ ፈንድቷል። ለየህ?"

ለየሁ። አንድ ዓመት ሙሉ ያልተማርኩትን በአንድ ትንፋሽ ለየሁ። ለትምህርቱ የተከፈለው ነፍስ ግን የእኔ አልነበረም።

ጎረቤት ተጠርቶ ቃሬዛ ታሰረ። ወንዶቹ እየተፈራረቁ ተሸክመው ወደ ደብረ ማርቆስ መውረድ ጀመርን። ጧት ድሬሰሩ በበቅሎ የተሻገሩት ወንዝ ከቀትር በኋላ ሞልቶ ጠበቀን። ውኃው እስኪጎድል ቃሬዛውን ከዛፍ ሥር አስቀምጠን ቆምን። ሰውየው እዚያው አረፉ። እስከ መጨረሻው አላቃሰቱም። ትናንት፣ ያ ወንዝ ሳይሞላ፣ እሳቸውም በእግራቸው ቆመው ሳለ፣ ሂዱ ያልኳቸው ወደ ቤታቸው ነው።

በሠልስቱ ለቅሶ ደረስን። ለቅሶተኛው ሁሉ "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያለ በሟቹ ይፈርዳል። ተረቱን ስሰማ ተነስቼ መጮህ አማረኝ። ሰውየው ምን ደበቁ? ሆዳቸውን ገልጠው ሰጥተውኝ ነበር። ባለቤታቸው እጄን ይዘው "አንተማ ምን ታደርግ ልጄ፤ ስትጠይቀው አላመመኝም አለህ" አሉኝ። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን መናገር ነበረብኝ። ፈሪ ነኝ፤ አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን ሐዘን መስሏቸው አጽናኑኝ።

መስከረም ጠብቶ ኮሌጅ ስመለስ፣ በመጀመሪያው ቀን ተማሪው በሙሉ በተቀመጠበት ለመምህሩ አንድ ሳላስቀር ነገርኩት። ያለቅሳል ብዬ አልጠበቅሁም፤ ቢያንስ ይደነግጣል ብዬ ነበር። ፈገግ አለ። ነገሩ ለእሱ የሚመሰክርለት ሆኖ አገኘው።

"ለዚህ አይደል ሦስተኛ ዓመት ሳትገቡ በሽተኛ አትንኩ የምላችሁ! ጤና ጣቢያ አግዙ ተባላችሁ እንጂ መርምሩ ማን አለ?"

"ሦስተኛ ዓመት ብገባስ፣ የመጀመሪያው የማን ሆድ ይሆን ነበር?" አልኩት።

"ምን ማለትህ ነው?"

"ያኔም ቢሆን ደህናውን ሆድ ነክቼው አላውቅም። የታመመውን ከምን ለየው ሊሉኝ ነው? እዚህ ክፍል ሃያ ሁለት ነን። ሃያ ሁለት ደህና ሆድ ዓመቱን ሙሉ ፊትዎ ተቀምጧል። አንድ ቀን፣ አንድ ሰዓት፣ እርስ በርሳችን እንድንነካካ ቢያደርጉን ምን ይጎድልብዎ ነበር?"

መምህሩ ጠመኔ አነሳ። ጀርባውን ሰጥቶን የአንጀትን ርዝመት ሰሌዳው ላይ ይጽፍ ጀመር። ተማሪው ሁሉ ደብተሩን ገለጠ።

እኔም ገለጥኩ። ርዝመቱን ጻፍኩ።