አባቴ የሚጨፍርበት ጫማ

ልጅ እያለሁ ሠርግ ስንጠራ አባቴ መጀመሪያ የሚያየው ሙሽሮቹን አልነበረም፤ ወለሉን ነበር። በር ላይ ቆም ይልና ጫማውን ወዲያና ወዲህ ፈተግ ፈተግ አድርጎ፣ «ሊሾ ነው፤ ዛሬ ሰው ይወድቃል» ይላል። ከዚያ ጥግ ይዞ ይቀመጥና የጨፋሪዎችን እግር ብቻ ያያል። ባለ ታኮ ጫማ ያደረገች ሴት ስትነሳ በሥጋት አንገቱን ያሰግጋል። አዲስ የቆዳ ሶል ያደረገ ጎረምሳ ሲዘል ዓይኑን ይጨፍናል። እሱ ራሱ ግን አይነሳም። ስንቱ እጁን ጎትቶታል፣ ስንቷ አክስት ለምናዋለች! ወይ ፍንክች።

ሥራው ጫማ መሸጥ ነበር። መርካቶ ጫማ ተራ ውስጥ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስቆም ጠባብ ሱቅ ነበረው። ከትምህርት ቤት ስወጣ በቀጥታ ወደዚያ ነበር የምሄደው። ማስቲሽና አዲስ ቆዳ የተቀላቀለው ሽታ ገና ከሩቁ ይቀበለኛል። ባዶ ካርቶኖች ደርድሬ ቤት እሠራለሁ፤ ተሸካሚዎች ጭነታቸውን በራሳቸው ላይ አድርገው «ዞር በሉ!» እያሉ ሲያልፉ ቤቴ ይፈርሳል፣ እንደገና እሠራለሁ። ደንበኛ ሲመጣ አባቴ ዋጋ ከመጥራቱ በፊት «የት ልታደርገው ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ጭቃ ለሚረግጥ ሌላ፣ ቢሮ ለሚውል ሌላ። ለሠርግ ነው ካሉት ግን ጥያቄው ይበዛል። «ድንኳን ነው አዳራሽ? ትጨፍራለህ ትቀመጣለህ?»

የማይጨፍርበትን ምክንያት የነገረችን እማዬ ናት። በራሳቸው ሠርግ ቀን፣ አባዬ አዲስ ባለ ቆዳ ሶል ጫማውን አድርጎ፣ ጉራጊኛው ሲሞቅ መሀል ገባ። በአገሩ ልጆች ዘንድ በእግሩ ፍጥነት የታወቀ ነበር አሉ። ሁለት ጊዜ ዞሮ በሦስተኛው ያ የሚያንጸባርቅ ሊሾ ከዳው፤ በጀርባው ተዘረረ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ሙሽራይቱ ነበረች። «ምን ላድርግ፣ ሳቄ መጣ!» ትላለች እማዬ፣ ሃያ ዓመት ቆይታም ስትናገረው እየሳቀች። የሰፈሩ ወጣቶች ነገሩን ወዲያው ዘፈን አደረጉት። በየሠርጉ ስሙን እየጠሩ «ወልዴ ወደቀ» ሲሉ ኖሩ፤ አባዬም ከዚያ ቀን በኋላ ወለል ላይ አልወጣም።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ ታላቅ እህቴ ሰናይት ልታገባ ሆነ። አንድ ቀን እራት ላይ አባዬ ምን ስጦታ እንደምትፈልግ ጠየቃት። ሰናይት ጉርሻዋን ዋጠችና፣ «ምንም አልፈልግም። ሠርጌ ላይ አንድ ጊዜ ጨፍርልኝ» አለችው።

እማዬ ሳቋ እንዳያመልጣት ወጥ ለመጨመር ጎንበስ አለች። አባዬ ለረጅም ጊዜ አላመጠ። እምቢ ሊል ነው ብዬ ሰናይት አሳዘነችኝ። በመጨረሻ ቀና ብሎ፣ «አዳራሹ ወለሉ ምንድን ነው?» አለ።

በሳምንቱ ቅዳሜ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ፣ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ጫማ ተሸክሞ፣ እኔን አስከትሎ ወጣ። «ለእናትሽ እንዳትነግሪ» አለኝ። አባቴ ለእኔ ብቻ ምሥጢር ሲነግረኝ የመጀመሪያዬ ስለነበረ እስከ ታክሲው ድረስ እየዘለልኩ ነው የሄድኩት። አዳራሹ ባዶውን ነበር። ዘበኛው፣ ጋሽ ደሳለኝ የሚባል ቀጭን ሰው፣ ጉዳያችንን ሲሰማ ግራ ገባው።

«ወለሉን ሊያዩ ነው የመጡት ጋሼ?»

«አይቼ ብቻ አልሄድም፤ ልሞክረው ነው» አለው አባዬ።

ማዳበሪያውን ዘረገፈው። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ፣ «በይ አጨብጭቢ» አለኝ። አጨበጨብኩ። መጀመሪያ ባለ ቆዳ ሶሉን አደረገና ሁለት እርምጃ እንደሄደ ተንሸራቶ ግድግዳ ያዘ። «ይኼስ ቀርቷል!» አለ። ቀጥሎ ሸራ ጫማ አደረገ። የሸራው ጎማ ደግሞ ወለሉን እንደ ውሻ ነከሰው፤ እግሩ ቀርቶ ጉልበቱ ብቻ ዞረ። «ጎማ ለድንኳን ነው፣ ለአፈር። እዚህ ጉልበት ይሰብራል» አለኝ፣ የቤት ሥራ እንደሚያስረዳ ሰው። ሦስተኛው ቡናማ አሮጌ ጫማው ነበር። ሶሉ ከፊት ቆዳ፣ ከተረከዙ ጎማ ሆኖ በብዙ መርገጥ ለስልሷል። አጨበጨብኩ። እግሩ ተነሳ። ቀስ እያለ ጀመረና «ፍጠኚ!» አለኝ። ፈጠንኩ። «ፍጠኚ እንጂ!» እጄ እስኪቀላ አጨበጨብኩ።

አባቴን ያን ቀን ነው ያየሁት ማለት እችላለሁ። ያ ሁልጊዜ ከካርቶን ጀርባ የማየው ዝምተኛ ሰውዬ እግሮቹ መሬት የሚነኩ አይመስሉም ነበር። ክንዶቹ ወደፊት ወደኋላ ይላሉ፣ ፊቱ ያበራል፣ የእርምጃው ድምፅ ባዶው አዳራሽ ውስጥ እንደ ከበሮ ይመለሳል። ጋሽ ደሳለኝ ዱላውን ጥሎ አብሮኝ ያጨበጭብ ጀመር። ሲጨርስ አባዬ ላቡን ጠረገና ቡናማውን ጫማ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። «ተገኘ» አለ።

የሠርጉ ዕለት ጠዋት፣ ግቢያችን ውስጥ በተተከለው ድንኳን ሰው ሁሉ አቧራ እስኪያስነሳ ሲጨፍር አባዬ በሸራ ጫማ ቆሞ አጨበጨበ እንጂ አልገባም። ሰናይት በዓይኗ ስትጠይቀው «አዳራሽ፣ አዳራሽ» አላት። መኪና ውስጥ ሸራውን አውልቆ ቡናማውን አደረገ። እኔ ከሚዜዎቹ ሁሉ የበለጠ ጓጉቼ ነበር።

አዳራሹ በር ላይ ጋሽ ደሳለኝ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ እየሳቀ ተቀበለን። «ጋሼ፣ ለእርስዎ ብዬ እኮ ነው!» አለና ወደ ውስጥ ጠቆመ። «የዚያን ቀን ጭፈራዎን አይቼ፣ እንደዚህ ላለ ሰው ወለሉ መስተዋት መሆን አለበት ብዬ ሌሊቱን ሰም ሳስቀባ አደርኩ!»

የሰሙ ሽታ ሸተተኝ። ወለሉ ላይ የመብራቶቹ መልክ ቁልጭ ብሎ ይታያል። የአባዬ ፊት ጠየመ፤ ግን ሰውየው ደስ ብሎት ስለነበር እጁን ጨብጦ «እግዜር ይስጥልኝ» አለው። ከተቀመጥን በኋላ ጠረጴዛው ሥር እግሩን ፈተግ ሲያደርግ አየሁት። ጫማው ሳሙና ላይ እንደቆመ ሸርተት አለ። ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ፣ «አልሆነም፣ ልጄ» አለኝ። አለቅሳለሁ ብዬ ፈራሁ።

ምሳ ተበላ፣ ኬክ ተቆረሰ፤ ጉራጊኛው መጣ። ሰናይት ቬሎዋን ሰብስባ በቀጥታ ወደ አባዬ ጠረጴዛ መጣችና እጇን ዘረጋች። እንግዳው ሁሉ ዞሮ አየ።

«ልጄ፣ ወለሉ…» አለ አባዬ።

ይኼኔ እማዬ ተነሳች። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። «አንተ ሰውዬ፣» አለችው፣ «ያን ጊዜ የወደቅከው ብቻህን ስለጨፈርክ ነው። ዛሬ እኔ እይዝሃለሁ። ተነስ!»

ተነሳ። እማዬ አንድ እጁን፣ ሰናይት ሌላውን ይዘው ወደ መሀል አስገቡት። ጉራጊኛ እጅ ለእጅ ተያይዞ እንደዚያ አይጨፈርም፤ እነሱ ግን ጨፈሩት። መጀመሪያ እንደ ሽማግሌ በጥንቃቄ፣ በኋላ ሙዚቃው ሲፈጥን እየፈጠኑ። እግሩ ያንን የባዶ አዳራሽ ጭፈራ ሲያስታውስ አየሁት። ወንበር ላይ ቆሜ አጨበጨብኩ። «ፍጠኑ!» ብዬ ጮኽኩ።

ፈጠኑ፤ ወደቁም። አባዬ ተንሸራተተ፣ እማዬ ልትይዘው ስትል አብራው ሄደች፣ ሰናይት ከነቬሎዋ ሁለቱም ላይ ተቀመጠች። ሙዚቃው ብቻውን ቀረ። መጀመሪያ የሳቀው አባቴ ነው። በጀርባው እንደተኛ፣ ሆዱ እስኪንቀጠቀጥ፣ እንባው በጆሮው እስኪወርድ ሳቀ። እማዬ ከጎኑ ተኝታ፣ «ዛሬስ ሳቁን እኔ አልጀመርኩም!» አለችው። ይኼን ጊዜ አዳራሹ ፈነዳ። ከወዲያ ጥግ እነዚያ የድሮ ወጣቶች፣ አሁን ሆዳቸው የገፋ ጎልማሶች፣ «ወልዴ ወደቀ»ን አነሱ። አባዬ ብድግ ብሎ ከእነሱ በላይ ጮኾ ዘፈነው፤ እስኪመሽም አልተቀመጠም። ሰናይት ከዚያ በኋላ በተነሳችው ፎቶ ሁሉ ላይ በሳቅ እንባ ኩሏ ፈሶ ነው የምትታየው፤ አንዱንም አልጣለችውም።

አሁን ጊዜው ሌላ ነው። ሠርጉ ሆቴል ውስጥ፣ ምንጣፍ ላይ ሆኗል። ልጆቼ ጭፈራቸውን ከስልክ ያጠናሉ፤ አንድ እርምጃ ከተሳሳቱ እንደገና ካልተቀረጸ ብለው ይነጫነጫሉ። ጫማ ተራ የነበረው ሱቅ ፈርሶ በቦታው ፎቅ ቆሟል፣ እማዬና አባዬም ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፣ ሦስተኛ ፎቅ። ባለፈው እሁድ ከሰዓት ልጠይቃቸው ስሄድ ከታች የሚኖሩት ሴትዮ በራቸው ላይ ቆመው ነበር።

«ልጃቸው ነሽ?» አሉኝ። «እባክሽ ንገሪያቸው፤ ጣራዬ ሊወድቅብኝ ነው። ሁልጊዜ እሁድ እሁድ ምን ይወቅጣሉ?»

ይቅርታ ጠይቄ አብረን ወጣን። በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ሬዲዮው ጉራጊኛ ይዟል፤ ሁለቱ ሽማግሌዎች ሶፋውን ወደ ግድግዳ ገፍተው፣ አንዱ የሌላውን ክንድ ደገፍ አድርጎ ይጨፍራሉ። ሴትዮዋ አፋቸውን ይዘው ቆሙ። እማዬ አየቻቸውና ሳታቆም እጇን ዘረጋችላቸው።

«ይግቡ እንጂ፣ ምን በር ላይ ያቆምዎታል!»