ከቀትር በኋላ የሚነጣው ቢጫ

ሐጃ ሰኒያ ቁጡ ሆና አልተወለደችም፤ ሚት ጋምር የምትባለው የግብፅ ከተማ ናት ያስቆጣቻት። ባሏ ሐጅ መትወሊ ሲሞት ወንድሞቹ የአሉሚኒየም ማቅለሚያ ወርክሾፑን ሊሸጡባት ተነሱ። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ የማቅለሚያው ገንዳ አጠገብ ቆመች። ከዚያ ወዲህ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አታውቅም።

በዚያ በጋ የመስኮት ፍሬሞቹ አበዱባት። ጠዋት ከቢጫው ኬሚካል የሚወጡት ቀለማቸው እንደ ማር አንድ ዓይነት ነው። ከቀትር በኋላ የሚወጡት ግን እዚህ ቢጫ፣ እዚያ ነጣ፣ ዥንጉርጉር! ደንበኛው ጭነቱን መልሶ በሯ ላይ ዘረገፈው።

«ኬሚካሉን እያቀጠንክ ትሸጥብኛለህ!» ብላ ኡስታ ገሪብ ላይ ጮኸች። ገሪብ ባሏ ራሱ ያሠለጠነው፣ ፍሬሞቹን ኬሚካሉ ውስጥ የሚነክር ባለሙያ ነው። የጮኸችበትም በር ላይ ነው፤ ለሐጁ ነፍስ ብላ ያስተከለችውን የቀዝቃዛ ውሃ ማሽን መንገደኛ ከቦ ሲጠጣ።

«ማለቅለቂያው ውሃ ከሰዓት ይደክማል ሐጃ። ፍሬሙ የሚጸዳበት ሶዳ ታጥቦ ካልለቀቀ ቢጫው አይይዝም።»

«ሌባ ሰበብ አያጣም! ውጣልኝ!»

ጓንቱን አውልቆ ወጣ።

በማግስቱ ራሷ ነከረች። ጠዋት አማረላት፤ «ይኸው!» አለች፣ ማንም ሳይኖር። ከቀትር በኋላ ያው ዥንጉርጉር። ፍሬሙን ግድግዳ ላይ ወረወረችው። የማለቅለቂያውን ቧንቧ ብታይ ውሃው እንደ ክር ቀጥኗል። መስመሩን እየተከተለች፣ እየተሳደበች በር ደረሰች። እዚያ ፀሐይ ያቃጠለው ሁሉ ከማሽኑ ይጠጣል፣ ጀሪካን ይሞላል፣ ራሱን ያርሳል፤ «አላህ ይማርህ ሐጅ መትወሊ» ይላል። ቧንቧ ሠራተኛው ለማሽኑ የብቻው መስመር እንሳብ ሲላት «ምን ያደርጋል፣ ከዚሁ ከማለቅለቂያው ቀጥል» ያለችው ራሷ ነበረች። ንዴቷ መሄጃ አጣ። ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ገሪብ ቤት ሄደች።

«ማሽኑ ነው ውሃውን የሚወስደው» አለችው ከደጅ። «ነገ ግባ።»

ገሪብ በሩን ገርበብ አድርጎ ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

«ትናንት ልጄ ከሱቅ ሲመለስ ‹የሌባ ልጅ› ብለውታል ሐጃ። እርስዎ ሌባ ያሉኝ በሰው ፊት ነው። እዚህ ሹክ ቢሉኝ ምን ያደርግልኛል?»

በሩን ዘጋባት። በእሷ ላይ በር ተዘግቶ አያውቅም። በማን ላይ እንደተናደደች እንኳ ሳይለይላት ወርክሾፑ በር ተመልሳ ከአንዱ እጅ ቆርቆሮ ኩባያ ነጥቃ ማሽኑን ደበደበችው።

«ስሙ! ገሪብ ሌባ አይደለም! ከማለቅለቂያው ውሃ ስሰርቅ የከረምኩት እኔ ነኝ፤ ያውም በባሌ ስም!»

ሁሉም ኩባያውን ዝቅ አደረገ። አንዱ ግንበኛ ፈራ ተባ እያለ፣ «ታዲያ... ሊዘጉት ነው ሐጃ?» አላት።

«ማን ይዘጋዋል? የራሱን ቧንቧ አስቀጥልለታለሁ። ጠጣ!» ብላ ኩባያውን አስታቀፈችው። «ስትጨርስ በገሪብ ደጅ እለፍና ያልኩትን ጮኸህ ተናገር። ልጁ እንዲሰማ!»