የካርታ ተጫዋቹ እናት

ባለፈው ቅዳሜ ለልጄ የትምህርት ቤት ጫማ ገዝቼ ካርቶኑን ስከፍተው የማስቲሽና የአዲስ ላስቲክ ሽታ አፍንጫዬን መታው። ልጄ ጫማውን ትለካለች፤ እኔ ካርቶኑን ይዤ ቀረሁ። መቀስ አንስቼ ልቆርጠው ምንም አልቀረኝም ነበር። አይገርምም? ስንት ዓመት አልፎ ያ ሽታ ዛሬም ያናድደኛል።

ልጅ ሳለን ካርታ የምንሠራው ከጫማ ካርቶን ነበር። አዳማ ውስጥ እንኖርበት በነበረው ግቢ ዲሽ ያለው አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የጎረቤቶቻችን። የእነሱን ቤትና እኔ የማድግበትን የአክስቴን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው በሙቀት ቋ ቋ ሲል የቤቱ እመቤት በር ላይ ስታየኝ፣ "ኮቱ፣ ነይ ግቢ እንጂ" ትለኛለች። መጋረጃው ተጋርዶ፣ ምንጣፉ ላይ ተደርድረን፣ በዓረብኛ የሚተላለፍ የጃፓን ካርቱን እናያለን። ዓይኑ የፊቱን ግማሽ የያዘ ልጅ ካርታ ይጫወታል፤ ካርታው ላይ የተሳለው አውሬ ወጥቶ ይዋጋል።

ተርጓሚያችን የቤቱ ልጅ፣ ጓደኛዬ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቁርአን ይቀራል፤ ረጅም ረጅሙን ሱራ በቃሉ ሲወርደው ሰምተነዋል። እንግዲህ ዓረብኛ የሚያነብ ልጅ የዓረብኛ ካርቱን እንዴት ያቅተዋል? ትልልቆቹም አልጠረጠሩም። "እንዲህ ነው ያለው" ካለ አለቀ። የጨዋታውን ሕግ ሳይቀር የምንቀበለው ከእሱ አፍ ነበር።

በዚያን ጊዜ እናቴ ለሥራ ዓረብ አገር ሄዳ ነበር። መጀመሪያ እሁድ እሁድ በባለሱቁ ስልክ ትደውልልኝ ነበር፤ ኋላ ቀረች። አክስቴን ለምን እንደሆነ ስጠይቃት ከመመለስ ይልቅ እጇ የሚሠራው ነገር ትፈልጋለች። አንድ ቀን ካርቱኑን እያየን ጓደኛዬን፣ "የዚህ ልጅ እናት የት ናት?" አልኩት።

ዞሮ አየኝ። መልሶ ቴሌቪዥኑን አየ።

"ጠፍታበት ነው። እሷን ፍለጋ ነው የሚጫወተው" አለ።

"ያገኛታል?"

"የመጨረሻውን ሰውዬ ሲያሸንፍ ትመጣለች።"

ከዚያ በኋላ አንድም ክፍል አላመለጠኝም። ልጁ ሲያሸንፍ እናቴን በሐሳቤ ቢሾፍቱ አደርሳታለሁ፤ ደግሞ ሲያሸንፍ ሞጆ። ከሞጆ አዳማ ደግሞ ምን አላት!

ዩኒቨርሲቲ ስገባ ያን ካርቱን በፍላሽ አግኝቼ፣ የእንግሊዝኛውን ጽሑፍ እያነበብኩ ከዳር እስከ ዳር አየሁት። ልንገራችሁ፣ ጉድ ነው። አንድ ግጥሚያ ሦስት ክፍል ይፈጃል። ተጋጣሚው ካርታ ባወጣ ቁጥር ጨዋታውን አቁሞ ያስረዳል፣ ማን እንደጠየቀው እንጃ። ልጁ መውጫ ሲያጣ፣ ከዚያ በፊት ስሙ ተነስቶ የማያውቅ ካርታ ከች ይልለታል፤ ሕጉም ለእሱ ሲሆን ይላላል። አለቀ ስትሉ አዲስ ጠላት አምጥተው ያራዝሙታል። ደግነቱ፣ ልጁ ባሸነፈው ሰው አይስቅም፤ እጁን ይዞ ያነሳዋል። ካርታ ሊስብ ሲል የምትመጣዋ ዝምታም ዛሬ ድረስ ልቤን ትሰቅለዋለች። ግን በዚያ ሁሉ ክፍል አንድ ሰው እንኳ "እናትህ የት ናት?" ብሎ አይጠይቀውም።

የእናቱ ነገር ፈጠራ መሆኑን ግን የሰማሁት ያኔውኑ በልጅነቴ ነበር፣ በልጆች ሁሉ ፊት። የባለሱቁ እህት ከዓረብ አገር በተመለሰች ሰሞን የጓደኛዬን እናት ልትጠይቅ መጥታ በር ላይ ቆመች። ሽቶዋ ቤቱን ሞላው። ጓደኛዬ መተርጎሙን ይዟል።

"'እናቴን የት ደበቅሃት?' ነው የሚለው።"

"የምን እናት?" ከት ብላ ሳቀች። "'ተራህ ነው፣ ካርታህን አውጣ' ነው'ኮ ያለው! ኧረ ይሄ ልጅ ጉድ አፈላ!"

ልጆቹ እየተንከባለሉ ሳቁ። እኔ ጓደኛዬን አየሁት፤ እሱ ምንጣፉን ያያል። ለሌሎቹ የተበላሸው ካርቱን ነው። እኔ ግን ጓደኛዬ እናቴን ሞጆ ላይ አውርዶ ጥሏት የሄደ ነው የመሰለኝ። ካርታዎቼን ሰብስቤ ወጣሁና ቱቦ ውስጥ ጣልኳቸው።

አመሻሹ ላይ በራችን ላይ መጥቶ ቆመ።

"ለምን ዋሸኸኝ?"

"ስትጠይቂኝ... ምን ልበልሽ?"

"አላውቅም አትልም?"

ሊገባ እግሩን አነሳ። "ሁለተኛ እንዳታናግረኝ!" ብዬ በሩን ዘጋሁበት። እናቴ ስትቀር እሷን መቆጣት አልቻልኩም፤ ዛሬ ድረስ አልመጣችም፣ ዛሬም አልችልም። አክስቴንም ዝም ስትል አልተቆጣኋትም። ከከዱኝ ሰዎች ሁሉ እጄ የሚደርስበት እሱ ብቻ ነበር።

የመጨረሻው ክፍል የሚተላለፍ ቀን አልሄድኩም። ሌሎቹም ከዚያ ወዲህ ካርቱኑን ትተው ኳስ ላይ ናቸው። አልጋ ላይ ጋደም እንዳልኩ ሙዚቃው በግድግዳው በኩል መጣ። ከዚያ የእሱ ድምፅ ተሰማኝ፤ ከወትሮው ጮክ ብሎ፣ አፉን ወደ ግድግዳው አዙሮ።

"አሸነፈ! በሩ ተከፈተ... እናቱ ናት! መጣች!"

"ማንን ነው የምታናግረው?" አለች እናቱ ከጓሮ። "ሰው የለም'ኮ!"

እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"'የቆየሁት መንገዱ ረጅም ስለሆነ ነው' አለችው። 'ረስቼህ አይደለም' አለችው።"

ግድግዳውን በቡጢ መታሁት። ጭቃው አልጋዬ ላይ ረገፈ፤ ድምፁ ቀጥ አለ። ቴሌቪዥኑ ብቻ በማልሰማው ቋንቋ ማውራቱን ቀጠለ። እኔም ጆሮዬን ግድግዳው ላይ ለጥፌ ቆየሁ፣ ሌላ ምን እንዳለችው እንዲነግረኝ።