ሁለተኛ መግቢያ አያስፈልግም

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሌላ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ይቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት።

ሽሮ ሜዳ፣ አንድ የሽመና ቤት ውስጥ ዕቃ ጠባቂ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት ጢሜ ከሸበተ በኋላ፣ በማታ ትምህርት ነው። ያኔ አንጋፋው ሸማኔያችን ጋሽ ደምሴ ደብተሬን ባየ ቁጥር፣ "እናትህ ዳቦ ቋጥራልሃለች? በል ጎበዝ፣ እንዳታለቅስ!" ይለኝ ነበር። ቤቱ በሙሉ ይስቃል። እኔም እስቃለሁ። ግን ቂም ያዝኩበት።

ከፊደሉ ወደ ኮምፒውተሩ ተሻገርኩ። የሽመና ቤቱ ባለቤት እትዬ አልማዝ የሠራተኛ መቆጣጠሪያ ሲፈልጉ፣ በአማርኛ ሲያዙት ኮድ የሚጽፍ የኤአይ ፕሮግራም ላፕቶፕ ላይ ጫንኩ፤ በጣት አሻራ ሰዓት የሚመዘግብ መተግበሪያ ላሠራው። መጀመሪያ ቋሚ መመሪያ ይሰጠዋል። የሰጠሁት እኔ ነኝ። "አሻራው ያልተነበበ ቀሪ ይባል" ብዬ ጻፍኩ። ፕሮግራሙ መልሶ ጠየቀኝ፦ የእጅ ሥራ ጣታቸውን ያለሰለሰባቸው ሰዎች አሻራ ላይነበብ ይችላል፤ በስማቸው የሚገቡበት ሁለተኛ መግቢያ ላዘጋጅ?

የማን ጣት እንደሆነ አላወቅሁም? አወቅሁ እንጂ! ዕድሜውን ሙሉ ክር የላገው ጣት የማን ነው? "ሁለተኛ መግቢያ አያስፈልግም" ብዬ ጻፍኩ። እኔ ነኝ የጻፍኩት።

ጋሽ ደምሴ ጠዋት ጠዋት ጣቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ የአሻራ ማሽኗን ይጫናል። ቀይ መብራት። "ምነው እቴ፣ አኮረፍሽኝ?" ይላታል ማሽኗን። ከዚያ ገብቶ ሲሸምን ይውላል። እኔ አያለሁ። ወር ሲያልቅ ብቻ የሚመጡት እትዬ አልማዝ ቀሪው በዝቶ አዩና፣ "እውነት አይመጣም ነበር?" አሉኝ።

"ማሽን አይዋሽም" አልኳቸው።

ሌሎቹ ለእንጀራቸው ፈርተው ዝም አሉ። እትዬ አልማዝም አሰናበቱት።

አሁን ቁስቋም መውጫው ላይ፣ ቤቱ ደጃፍ ተቀምጦ ይውላል። ሳልፍ ይጠራኛል። "አንተ የተማርከው! እስቲ እያት ይቺን ጣት፤ እኔው ነኝ ጨርሼ ያጠፋኋት" ይልና መዳፉን ይዘረጋልኛል። ጥፋቱ የጣቱ መስሎታል። "እግዜር ያውቃል ጋሼ" ብዬ አልፋለሁ። እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው?

ፊደል ሳልቆጥር በፊት እኔም በየቢሮው አውራ ጣቴን ቀለም እየነከርኩ ነበር የምፈርመው። ጣት ለማይም ስሙ እንደሆነ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል? መጻፍ ስችል ግን ያደረግሁት ይኼን ነው።

መመሪያውን ለመለወጥ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ግን ለምን እንደለወጥኩት እጠየቃለሁ። በቃ፣ እስከ ዛሬ አልለወጥኩትም።

ማሽኑ ነው የበደለው እንዳትሉልኝ። ማሽኑማ ጠይቆኝ ነበር።