እናቴ ከመብረቅ ያዳነችው ኮምፒዩተር

ወንድሜ በሦስት ቀን ሕመም ነው የሞተው። በናይሮቢና በሞያሌ መካከል እየተመላለሰ ኮምፒዩተር ይጠግን ነበር። በጎልቦ ሜዳ ሲያልፍ መኪና ውስጥ ሆኖ ለእናታችን ወሬ ይቀዳላታል፤ ስለ ግመሉ፣ ስለ ሾፌሩ ጠባይ፣ ምኑ ቅጡ። ቅጂዎቹን ያስቀመጣቸው ናይሮቢ በተከራየው፣ በኢንተርኔት በሚከፈት ሰርቨር ላይ ነው። "ስልክ ይሰረቃል፤ ይሄ አይሰረቅም" ይል ነበር። አይ የኔ ብልህ!

ሰርቨሩ የሚከፈተው ቤታችን ባለው ኮምፒዩተር ውስጥ በተቀመጠ ቁልፍ ነው፤ ቁልፉ ደግሞ በምስጢር ቃል ተቆልፏል። ቃሉን አንዴ ካስገቡለት ኮምፒዩተሩ እስኪጠፋ ድረስ ያስታውሳል፤ ጠፍቶ ሲበራ ግን እንደ አዲስ ይጠይቃል። ወንድሜ ጠፍቶ ቢበራም እንዲያስታውስ ሊያደርገው ፈልጎ፣ "ነይ፣ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ቃሉንም ያዢው" ብሎ ጠርቶኝ ነበር። እኔ እቴ! "ሥራ ላይ ነኝ፣ አትነዝንዘኝ" አልኩት። ሥራ የተባለው ሱቅ ውስጥ ሳሙና መደርደር ነው። ዛሬ ያንን ሳሙና ሳይ እጄን ልቆርጠው ይቃጣኛል።

ከሞተ በኋላ ኮምፒዩተሩን አላጠፋሁትም። እኛ ስቲማ የምንለው መብራት ሲሄድ የሶላሩ ባትሪ ይይዘዋል። እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ ትቀመጣለች፤ እኔ እከፍትላታለሁ። እሱ ያወራል፤ እሷ "ኧረ ተው!" ትለዋለች፣ አጠገቧ ያለ ይመስል። ለምን ሌላ ቦታ አልገለበጥሽውም አትበሉኝ። አልገለበጥኩም፤ የሚጠፋ አልመሰለኝም።

አንድ ቀን ዕቃ ልገዛ ማዶ፣ ወደ ኢትዮጵያው ሞያሌ፣ ተሻግሬ ሳለሁ ሰማዩ አጉረመረመ። እናቴ መብረቅ ስትፈራ መስታወቱን ትሸፍናለች፣ የተሰካውን ሁሉ ትነቅላለች። የዚያን ቀን ባትሪውም አልቀረላት። ስመለስ ፊቷ ፈካ ብሎ ጠበቀችኝ።

"ኮምፒዩተሩን አዳንኩልሽ" አለችኝ።

ሳበራው የምስጢር ቃሉን ጠየቀኝ። የእሷን ስም፣ የተወለደበትን ቀን፣ እኔን የሚያበሽቅበትን ቅጽል ስም ሳይቀር ሞከርኩ። እምቢ አለ። ሰርቨሩ በእሱ ስም ነው፤ ለአከራዮቹ ብጽፍ ብጽፍ የሚሰማኝ አጣሁ። እናቴ ላይ ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ምን ብዬ? ሁለት ደቂቃ የነፈግኩት እኔ ነኝ።

"ኔትዎርክ የለም እማዬ" አልኳት። እሑድ በመጣ ቁጥር እንዲሁ እላታለሁ። እሷ ግን የሞያሌ ሰው ናት፤ አንዱ መስመር እምቢ ሲል የሌላው አገር እንደሚሠራ ታውቃለች። ባለፈው እሑድም ነጠላዋን ሳታወልቅ ተቀምጣ፣ "የኬንያውን ተይው፤ የማዶውን ሲም ሞክሪ" አለችኝ።

ምን ላድርግ፣ ሲሙን ከሞደሙ አውጥቼ ቀየርኩ። ወንበሯን ወደ ኮምፒዩተሩ አስጠጋች።

"ያዘ?" አለችኝ።